ከስንቱ? የዕለት ኑሮን መዝግቦ በቁጥር ለመመርመር

«ዝናብ ሲጥል ታክሲ ይጠፋል።» አዲስ አበባ ውስጥ ክረምትን ያሳለፈ ሰው ይህን ሳይሰማ፣ ራሱም ሳይናገር አይቀርም። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ምን ያህል እውነት ነው? ዝናብ በጣለ ቁጥር ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ዝናብ ባልጣለበት ቀንስ ታክሲው እንደ ልብ ይገኛል? ይህን ለመመለስ አንድ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስ፣ የሁለት ወር ትዕግሥትና የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ «ከስንቱ?» የሚል። ከዚህ በታች የሚመጣው ስሌት በሙሉ ይህን ጥያቄ በትክክለኛው ቦታ ከመጠየቅ የሚወጣ ነው።

ይህን መመሪያ የታክሲውን ጉዳይ ይዘን እንዘልቀዋለን። የማቀርባቸው የሰልፍ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ያዘጋጀኋቸው እንጂ ከመንገድ የተሰበሰቡ አይደሉም። የእርስዎ ደብተር የራሱን ቁጥር ይሰጥዎታል፤ ከእኔ ቁጥር ቢለይ ትክክለኛው የእርስዎ ነው።

መጀመሪያ፦ ጥያቄው የሚቆጠር ይሁን

«ታክሲ ይጠፋል» የሚለው አባባል አይቆጠርም። «ከ20 ደቂቃ በላይ ሰልፍ ላይ ቆምኩ» የሚለው ይቆጠራል። ስለዚህ ድንበሩን መመዝገብ ሳይጀምሩ ይወስኑ። ቁጥሮቹን ካየ በኋላ ድንበር የሚያበጅ ሰው 20 ደቂቃውን ወደ 15 ዝቅ፣ ወደ 25 ከፍ እያደረገ የወደደውን መልስ ማግኘት ይችላል፤ ሆን ብሎ ባይሆን እንኳ እጁ ወደዚያው ያዘነብላል። የዝናቡም ትርጉም አስቀድሞ ይለይ፦ ሰልፍ ሲይዙ እየዘነበ ከሆነ ብቻ ነው «ዝናብ» የሚሉት ወይስ ባለፈው አንድ ሰዓት ጥሎ ካባራም ይቆጠራል? አንዱን ይምረጡና በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት፤ ሥራው እስኪያልቅ አይለውጡት።

ከዚያ በየቀኑ አምስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ቀኑ፣ ሰልፍ የያዙበት ሰዓት፣ ዝናብ (አዎ ወይም አይ)፣ የቆሙበት ደቂቃ፣ ለየት ያለ ነገር ካለ አጭር ማስታወሻ። ሰዓቱን መጻፍ ለጊዜው ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ኋላ ላይ ዋናው ቁልፍ እርሱ ሆኖ ስለሚገኝ አይዝለሉት።

ምንም ያልተፈጠረበት ቀንም ቀን ነው

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናብ ሲመታው የቆየበትን ቀን ማታ ደብተሩን ፈልጎ ይጽፋል። ሰልፍ ሳይኖር፣ ረዳቱ «የሞላ! የሞላ!» እያለ ወዲያው የተሳፈረበትን ቀን ግን ይረሳዋል። በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ላይ የሚቀሩት መጥፎዎቹ ቀናት ብቻ ይሆናሉ፤ «ከስንቱ?» ተብሎ ቢጠየቅም መልስ አይኖረውም። አእምሯችንም መዝገብ የሚይዘው እንደዚሁ ስለሆነ ነው በትዝታ ላይ የቆመ ድምዳሜ በቀላሉ የሚያሳስተው። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ብቻ የቆሙበትን ቀን «3» ብለው ይጻፉ። ያልወጡበትን ወይም የረሱትን ቀን ግን «0» አይበሉት፤ ዜሮ መጠበቅና አለመመዝገብ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። መስመር አስምረው «አልተመዘገበም» ይበሉት።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ይመቻል። ከጳጉሜ በስተቀር እያንዳንዱ ወር እኩል 30 ቀን ስለሆነ የሐምሌን ጠቅላላ ድምር ከነሐሴው ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ይቻላል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንዱ ወር 28፣ ሌላው 31 ስለሚሆን በቀን ሳያካፍሉ ማወዳደር ያሳስታል። የመብራት ካርድ ወይም የሱቅ ሽያጭ ለሚመዘግብ ሰው ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

አማካዩን ብቻ አይመኑ

የአሥር ቀን የሰልፍ ደቂቃዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው እንዲህ ናቸው እንበል፦ 6፣ 7፣ 8፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 14፣ 75። ድምራቸው 160 ስለሆነ አማካዩ 16 ደቂቃ ነው። ግን ከአሥሩ ቀን ዘጠኙ ከ16 በታች ናቸው! አንዷ የ75 ደቂቃ ቀን ብቻዋን አማካዩን ወደ ላይ ጎትታዋለች። ከተደረደሩት ቁጥሮች መሐል ላይ ያለውን ብንወስድ፣ ማለትም በ9 እና በ10 መካከል 9 ተኩልን፣ ሚዲያኑን እናገኛለን። 75ቱ ወደ 200 ቢያድግም ሚዲያኑ ከቦታው አይነቃነቅም።

የትኛው ይሻላል? የሚጠቅመው ቁጥር እንደ ጥያቄው ይለያያል። በወር ስንት ሰዓት በሰልፍ እንደሚያልፍብዎ ለማወቅ ከፈለጉ አማካዩን ይያዙ፤ 75ቱም ደቂቃ ከዕድሜዎ የሄደ ጊዜ ነውና መቆጠር አለበት። ነገ ምን እንደሚጠብቅዎ ለመገመት ሚዲያኑ ይሻላል። ፈተና ወይም የአውሮፕላን ጉዞ ካለብዎ ግን ሁለቱም አይረዱዎትም፤ ከአሥር ቀን በዘጠኙ ሰልፉ በ14 ደቂቃ ውስጥ ማለቁን፣ በአንዱ ግን 75 መድረሱን ማየት አለብዎ። ለዚህ ነው ከማናቸውም ስሌት በፊት ቁጥሮቹን ደርድሮ በዓይን ማየትን አጥብቄ የምመክረው። አማካይ ብቻ የሚጠቅስ ሪፖርት ሲያነቡም ከጀርባው ያለውን ድርድር ይጠይቁ።

አራት ክፍል ያለው ሠንጠረዥ

አሁን ወደ ዝናቡ እንመለስ። በሐምሌና በነሐሴ 50 የሥራ ቀን መዘገቡ እንበል። ከእነዚህ 20ው ዝናብ የጣለባቸው፣ 30ው ደረቅ ናቸው። እያንዳንዱን ቀን በዝናብና በሰልፍ ለይተው በጭረት ይቁጠሩ፤ ውጤቱ ይህን ይመስላል፦

| | ከ20 ደቂቃ በላይ | 20 ደቂቃና በታች | ድምር |
|---|---|---|---|
| ዝናብ | 12 | 8 | 20 |
| ደረቅ | 6 | 24 | 30 |
| ድምር | 18 | 32 | 50 |

ድምሮቹ በአግድምም በቁልቁልም መግጠማቸውን ያረጋግጡ። ካልገጠሙ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ወይም ጠፍቷል።

እንግዲህ 12ቱን ይመልከቷቸው። ዝናብም የጣለባቸው፣ ሰልፉም የረዘመባቸው ቀናት ናቸው። «12 ከስንቱ?» ብለን ስንጠይቅ ግን ሦስት መልስ ይመጣል። ከ50ው ካልን 24 በመቶ ነው፤ ይህ ከሁሉም ቀናት መካከል ሁለቱ ነገሮች የተገጣጠሙበት ድርሻ ነው። ከ20ው ካልን 60 በመቶ ነው፤ ዝናብ በጣለባቸው ቀናት ሰልፉ የረዘመበት ድርሻ። ከ18ቱ ካልን ደግሞ 67 በመቶ ያህል ነው፤ ሰልፉ በረዘመባቸው ቀናት ዝናብ የጣለበት ድርሻ። አንድ ቁጥር ነው፤ ጥያቄው ግን ሦስት ነው። ቢሮ በር ላይ ቆመው ዝናቡን እያዩ ያሉ ከሆነ የሚያስፈልግዎት 60ው ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ድርሻ ሁኔታዊ ዕድል ይባላሉ፤ አንድ ነገር መከሰቱን ካወቅን በኋላ ለሌላው የምንሰጠው ዕድል ማለት ነው። ቀመሩን መሸምደድ አያሻም። ዝናብ መጣሉን ካወቁ የደረቁን ቀናት መስመር በመዳፍዎ ይሸፍኑ፤ በሚታየው መስመር ውስጥ ብቻ ይቁጠሩ። ሰልፉ መርዘሙን ካወቁ ደግሞ የአጭር ሰልፍን ዓምድ ይሸፍኑ።

ዝናቡና ሰልፉ አይገናኙም ቢባል ኖሮ በሁለቱም መስመር የረጅም ሰልፍ ድርሻ ከጠቅላላው፣ ከ18 ለ50 ማለትም ከ36 በመቶ፣ ብዙም ባልራቀ ነበር። እዚህ ግን በዝናብ 60፣ በደረቅ 20 በመቶ ነው። የሆነ ግንኙነት ያለ ይመስላል።

ጥያቄውን መገልበጥ የሚያስከፍለው ዋጋ

በሰልፉ ጉዳይ 60 እና 67 ስለሚቀራረቡ ሁለቱን ማደባለቅ ብዙም አይጎዳም። በሕክምና ግን ልዩነቱ የሰው እንቅልፍ ይነሳል። ከ1000 ሰው 20ው የታመሙ ናቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 95 በመቶውን ይይዛል፤ ከጤነኞቹ ደግሞ 5 በመቶውን በስህተት «ታማችኋል» ይላቸዋል። ጥሩ ምርመራ ይመስላል። አሁን እንቁጠር። ከታመሙት 20 ሰዎች 19ኙ ይያዛሉ። ከጤነኞቹ 980 ሰዎች 49ኙ በስህተት ይያዛሉ። «ተገኝቶብሃል» የሚባለው በድምሩ 68 ሰው ነው። ከ68ቱ በእውነት የታመሙት 19፣ ማለትም 28 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው! «የታመመ ሰው የመያዝ ዕድሉ 95 በመቶ ነው» እና «የተያዘ ሰው የመታመም ዕድሉ 28 በመቶ ነው» የሚሉት ሁለቱም እውነት ናቸው። ውጤቱን ተቀብሎ ለሚያለቅሰው ሰው የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ይህን የመገልበጥ ሥርዓት ያሰበበት እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ቤዝ ነበር። እርሱ በ1761 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ ጽሑፉን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበው፤ በ1763 በማኅበሩ መጽሔት ታተመ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቀመር ከላይ በ1000 ሰው ከሠራነው ቆጠራ የተለየ ነገር አይናገርም። በመቶኛ ማሰብ ሲያምታታዎ ሁልጊዜ 1000 ሰው ወይም 1000 ቀን አስቀምጠው ይቁጠሩ።

ለተያዙት 68 ሰዎች የመጀመሪያውን ስህተት የማይደግም ሌላ ዓይነት፣ ልክ እንደ ፊተኛው አስተማማኝ የሆነ ምርመራ ቢደረግላቸው ምን ይፈጠራል? ከ19ኙ 18 ገደማ፣ ከ49ኙ 2 ወይም 3 ብቻ ዳግመኛ ይያዛሉ። አሁን ሁለት ጊዜ ከተያዙት አብዛኞቹ በእውነት የታመሙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ኤችአይቪ ተገኘ ከመባሉ በፊት ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች እንዲስማሙ አገሮችን ሁሉ የመከረው በዚሁ ስሌት ነው። ቀደም ሲል ስርጭቱ ከፍተኛ በሆነባቸው አገሮች ሁለት ምርመራ ይበቃ ነበር። ከሚመረመሩት መካከል ቫይረሱ ያለባቸው አዲስ ሰዎች ድርሻ እያነሰ ሲሄድ ግን ከተያዙት ውስጥ በስህተት የተያዙት ድርሻ ከፍ ይላል። ምርመራው ሳይለወጥ «ከስንቱ» ተለወጠ። ስለዚህ የጤና ባለሙያ «እንደገና እንመርምር» ቢልዎ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው፤ ይታገሡት።

ዕድል ያመጣው ይሆን?

60 እና 20 በመቶ የተራራቁ ናቸው። ግን 50 ቀን ትንሽ ነው፤ በአጋጣሚ ብቻ እንዲህ ሊወጣ አይችልም? ይህን በወረቀት መፈተን ይቻላል፤ ልጆች ካሉ ደስ ብሏቸው ያግዙዎታል። 50 ቁራጭ ወረቀት ይቁረጡ፤ በ18ቱ ላይ «ረጅም»፣ በ32ቱ ላይ «አጭር» ብለው ይጻፉ። በፌስታል ውስጥ ደባልቀው ሳያዩ 20 ያውጡና «እነዚህ የዝናብ ቀናት ናቸው» ይበሉ። ከ20ው ስንቱ «ረጅም» እንደሆኑ ጽፈው ሁሉንም መልሰው ይደባልቁ። ይደጋግሙት።

እዚህ ፌስታል ውስጥ ዝናቡ ከሰልፉ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ የሚያወጣው አጋጣሚ ብቻ ነው። ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል 6፣ 7፣ 8 ወይም 9 ሲወጣ ያያሉ። 12 ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣው ግን ከ1000 ጊዜ 5 ጊዜ ገደማ ነው። ስለዚህ የእኛ 12 በአጋጣሚ መጣ ማለት ይከብዳል። 9 ቢሆን ኖሮ ግን ዝም ማለትና መመዝገብ መቀጠል ይገባን ነበር።

አንድ ነገር ጨርሶ ሳይከሰት ሲቀርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «30 ቀን ተመላለስኩ፤ አንድም ጊዜ ኪሴ አልተገባም» የሚል ሰው አደጋው ዜሮ ነው ማለት አይችልም። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የቆየ ቀላል ደንብ አለ፤ 3ን ለቀናቱ ቁጥር ያካፍሉ። 3 ለ30 ማለት 10 በመቶ ነው፤ አደጋው እስከዚያ ሊደርስ ይችላል፤ 30 ቀን ከዚያ በታች መሆኑን ለማረጋገጥ አይበቃም።

ሦስተኛውን ነገር መፈለግ

አጋጣሚ አይደለም ማለት ዝናቡ ነው ማለት አይደለም። ይህን ከሚያስተምሩ እውነተኛ መዝገቦች የበርክሌይን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም። በ1973 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለድኅረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44፣ ከሴቶቹ 35 በመቶ ያህል ተቀባይነት አገኙ። ሴቶች ተበድለዋል የሚያሰኝ ልዩነት ነው። ፒተር ቢክል፣ ዩጂን ሃመልና ዊልያም ኦኮነል መዝገቡን በየትምህርት ክፍሉ ዘርዝረው መረመሩት፤ ውጤታቸውን በ1975 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡ።

ከትልልቆቹ ስድስት ክፍሎች ሁለቱን ብቻ እንይ። በፊደል «ኤ» በተሰየመው ክፍል ከ825 ወንዶች 512፣ ከ108 ሴቶች 89 ተቀባይነት አገኙ፤ 62 በመቶ ለ82 በመቶ፤ ሴቶች ይበልጣሉ። በክፍል «ኤፍ» ከ373 ወንዶች 22፣ ከ341 ሴቶች 24፤ 6 ለ7 በመቶ፤ እዚህም ሴቶች በትንሹ ይበልጣሉ። ሁለቱን ክፍሎች ደምረን እንየው። ከ1198 ወንዶች 534፣ ማለትም 45 በመቶ ያህል። ከ449 ሴቶች 113፣ ማለትም 25 በመቶ! በሁለቱም ክፍል የበለጡት ሴቶች ሲደመሩ በእጅጉ አነሱ። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ወረቀት አንሥተው ይደምሩት። ምክንያቱ ብዙዎቹ ወንዶች በሩ ሰፊ ወደሆነው ክፍል፣ ብዙዎቹ ሴቶች በሩ ጠባብ ወደሆነው ማመልከታቸው ነው። አጥኚዎቹ ከዚህ ተነሥተው በደል የለም አላሉም፤ ሴቶች ወደ ጠባቡ በር የሚመሩት ከዚያ ቀደም ባለው የትምህርትና የኑሮ መንገድ ላይ እንደሆነ ጽፈዋል። የቁጥር ምርመራ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል፤ ቁስሉ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ማሳየቱ።

የእርስዎም ደብተር «በር» አለው፤ ሰልፍ የያዙበት ሰዓት። 50ውን ቀን ከ11:30 በፊትና በኋላ ብለው ይክፈሉ። ውጤቱ እንዲህ ነው እንበል፦ ከ11:30 በኋላ በተሰለፉባቸው 22 ቀናት ውስጥ፣ ዝናብ ከጣለባቸው 15 ቀናት በ11ዱ፣ ከደረቁት 7 ቀናት በ5ቱ ሰልፉ ረዝሟል። 73 እና 71 በመቶ፤ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከ11:30 በፊት በተሰለፉባቸው 28 ቀናት ደግሞ ከ5 የዝናብ ቀን በ1፣ ከ23 ደረቅ ቀን በ1። ይህን ሁለተኛውን ወደ 20 እና 4 በመቶ ለውጠው አይደሰቱ፤ «1 ከ5» በአንድ ቀን የሚገለበጥ ነገር ነው። ሰዓቱን ብቻ ሲያዩ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል፦ ከ11:30 በኋላ ከ22 ቀን 16ቱ፣ ከዚያ በፊት ከ28 ቀን 2ቱ ብቻ።

ታዲያ ዝናቡ ንጹሕ ነው? አይደለም። ከ20 የዝናብ ቀናት 15ቱ ከ11:30 በኋላ የሆኑት ለምን ይመስልዎታል? «እስኪያባራ» እያሉ ቢሮ ውስጥ ስለቆዩ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ አዘገየዎ፤ መዘግየቱ ከመንግሥት ሠራተኛው የመውጫ ሰዓት ጋር አጋጨዎ፤ ሰልፉም ረዘመ። ዝናቡን ማስቆም አይቻልም፤ ጃንጥላ ይዞ በ11 ሰዓት መውጣት ግን ይቻላል። ይህን የነገረዎ ያ ትርፍ የመሰለው የሰዓት ዓምድ ነው። ሥራው ገና አላለቀም፤ ለሁለት ሳምንት ዝናብ እየጣለም ቢሆን ሆን ብለው ቀድመው ይውጡና ይመዝግቡ። ያን ጊዜ «1 ከ5» የነበረው «ከ10» ወይም «ከ12» ይሆናል፤ መናገርም ይጀምራል።

ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለ ሐምሌና ነሐሴ፣ ስለ አንድ መስመርና ስለ እርስዎ የመውጫ ልማድ ብቻ ነው። በጥቅምት ዝናቡ ስለሚያበቃ የዝናቡን መስመር የሚሞላ በቂ ቀን አያገኙም፤ የሰዓቱን ግን ያለ ዝናብ ጣልቃ ገብነት መፈተን ይችላሉ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ተማሪውም ሰልፍ ላይ ነው። ስለዚህ የጥቅምትን 12 ሰዓት ከነሐሴ 12 ሰዓት ጋር አያወዳድሩ። የጥቅምትን 11 ሰዓት ከጥቅምት 12 ሰዓት ጋር ያወዳድሩ፤ ለዚህም በደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ይክፈቱ፤ የ20 ደቂቃው ድንበር ግን እንዳለ ይቆይ።